ላፕቶፔ ከቻርጀር ሲነቀል ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ባትሪው ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ላፕቶፕ ባትሪ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ነኝ፤ ላፕቶፑም ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ነው። ማታም አልነቅለውም። ሦስት ዓመት ሆኖታል። 15.6 ኢንች ስክሪን አለው፣ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ለጌም የሚሆን ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድም አለው። እኔ ጌም አልጫወትም። የምከፍተው ዎርድ፣ ብሮውዘርና መዝገበ ቃላት ነው፣ በቃ።

አዲስ እያለ ከቻርጀር ነቅዬው ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራልኝ ነበር። አሁን ስብሰባ ይዤው ስገባ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። በቀደም ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ አንቀጽ እያስተካከልን ድርግም ብሎ ጠፋ። 20 በመቶ ይቀረኛል እያለ ነበር! ቢያልቅ ይለቅ፣ ግን 20 በመቶ አለኝ ብሎ እንዴት ይጠፋል?

ሰው ስጠይቅ የሚነግረኝ ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ "ሶኬት ላይ እየተውሽው ነው የገደልሽው" ይላል። ሌላው "ሶኬት ላይ መሆኑ ምንም አይደለም፣ ሲሞላ ራሱ ያቆማል" ይላል። አንዷ ጓደኛዬ ባትሪውን አውልቄ በቻርጀር ብቻ እንድሠራ መከረችኝ፤ ገልብጬ ሳየው ግን የሚወልቅ ነገር የለውም፣ ሁሉም በብሎን የታሰረ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ስክሪኑን አደብዝዢው፣ ይበቃል አለኝ።

እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ስብሰባ ሳልሳቀቅ እንድሠራበት። ሌላው ደግሞ አዲስ ባትሪ ብገዛም ያንኑ ታሪክ እንዳልደግመው። የትኛውን ምክር ልስማ?

ዳመና

ሰላም ተርጓሚዋ። ይሄ ቀላል ነው። በወር አንድ ጊዜ ባትሪውን እስከ ዜሮ አውርጂው፣ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ሳትነኪው ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጊው። ባትሪ ሁልጊዜ ሞልቶ ሲቀመጥ ይሰንፋል። እኔ ድሮ የነበረኝን ላፕቶፕ እንዲህ እያደረግኩ ነው ለብዙ ዓመት የተጠቀምኩበት። ቻርጀሩንም ከ100 በኋላ ንቀይው።

ብየዳና ባትሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ያሉትን ሁለት ነገሮች በደንብ ለይተሻቸዋል፤ መካሪዎችሽ ናቸው ያቀላቀሉት። አንዱ "ዛሬ ነቅዬው ስወጣ ስንት ሰዓት ይቆይልኛል" ነው። ሌላው "ባትሪው ስንት ዓመት ያገለግለኛል" ነው። መልሳቸው ለየቅል ነው። ስክሪን ማደብዘዝ የዛሬውን ሰዓት ያረዝማል እንጂ የባትሪውን ዕድሜ እምብዛም አይነካም። ቻርጁን 80 በመቶ ላይ ማቆም ደግሞ ዕድሜውን ይጨምራል፣ የዛሬውን ሰዓት ግን ይቀንሳል። ሁለቱን በአንድ ምክር መመለስ አይቻልም።

እኔ ላፕቶፕ እየፈታሁ የምጠግን ሰው ነኝ። ብዙ የደከሙ ባትሪዎች በእጄ አልፈዋል። ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

@ዳመና ወንድሜ፣ የምትለው ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ የነበሩት ኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ሳያልቁ ደጋግመው ከተሞሉ አቅማቸው የሚቀንስ ይመስል ነበር። ስለዚህ እስከ ታች ማውረድ ይመከር ነበር። አሁን ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የድሮውን ከላፕቶፕ አስወጥቶታል። ሊቲየም አዮን እስከ ዜሮ መውረድን አይወድም። ከ100 ወደ 0 ከሚወርድ ከ70 ወደ 40 ደጋግሞ ቢወርድ ይቀለዋል። ምክርህ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ 20 በመቶ ላይ መጥፋቱን ስናነሳ እመለስበታለሁ።

ለምን ሙሉ ቻርጅ ይጎዳዋል? ቻርጅ ስታደርጊ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ (ባትሪው ውስጥ ሊቲየሙን የሚይዘው የካርቦን ንጣፍ) ይገባል፣ ስትጠቀሚበት ይወጣል። በግራፋይቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ አስፈላጊ ነው፣ ያለሱ ባትሪው አይሠራም። ነገር ግን ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከጊዜ ወደ ጊዜ ይወፍራል። ሲወፍር ከሊቲየሙ የተወሰነውን ለራሱ ያስቀራል፤ ያ የቀረው ከእንግዲህ ለሥራ አይመለስም። ሙቀት ይሄን ያፋጥነዋል። የሴሉ (ባትሪው የተገጣጠመው ከጥቂት ሴሎች ነው) ቮልቴጅ ከፍ ማለቱም ያፋጥነዋል። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል፣ መሃል ላይ ሲሆን 3.7 አካባቢ ነው። ላፕቶፕሽ ሦስት ዓመት ሙሉ እላይ እንደተሰቀለ፣ ያውም ሞቆ ነው የኖረው።

በቁጥር ላሳይሽ። ባትሪ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ድረ ገጽ ያወጣው ግምት አለ። 40 በመቶ ቻርጅ ይዞ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ 96 በመቶ አቅሙ ይተርፋል። በዚያው ሙቀት 100 ሞልቶ ከተቀመጠ 80 ይተርፋል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን የመጀመሪያው ወደ 85፣ ሁለተኛው ወደ 65 ይወርዳል። ልብ በይ፣ ይሄ ማንም ሳይነካው ቁጭ ብሎ ነው። 40 ዲግሪ ደግሞ ሥራ ላይ ላለ ላፕቶፕ ሆድ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ "ሲሞላ ራሱ ያቆማል" ያለሽ ሰው እውነቱን ነው። ከመጠን በላይ አይሞላም፣ ውስጡ የሚቆጣጠር ሰርኪዩት አለ። ችግሩ ሞልቶ መቀመጡ ራሱ ነው። በየቀኑ መንቀልና መሰካት አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ ሶኬት ላይ እንዳለ 80 ላይ እንዲያቆም ማዘዝ ነው። ብዙዎቹ ላፕቶፖች ይሄ አላቸው፣ ሰው አይከፍተውም እንጂ። ሌኖቮ ከሆነ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ "ኮንሰርቬሽን ሞድ" ይላል። ኤሱስ ከሆነ ማይኤሱስ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ታገኚዋለሽ። ዴልና ኤችፒ ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ያስቀምጡታል። ረጅም ጊዜ ነቅለሽ የምትሠሪበት ቀን ሲኖር ከመውጣትሽ በፊት ገደቡን አንስተሽ 100 ሙዪው። ለአንድ ቀን መሙላት አይጎዳውም። ሞልቶ ወራት መክረም ነው የሚጎዳው።

ሙቀቱን በተመለከተ እጅሽን ተጠቀሚ። ስትሠሪ መዳፍሽን ከኪቦርዱ በላይ ካለው ቦታ እስከ መዳሰሻው ድረስ አንሸራትቺው። በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ያለው ከፊት፣ አንጓሽ የሚያርፍበት ቦታ ሥር ነው። ፕሮሰሰሩ ከኋላ ነው። ከኋላ መሞቅ ያለ ነገር ነው። ከፊት የሚሞቅ ከሆነ ግን ሙቀቱ ባትሪው ጋ ደርሷል ማለት ነው። አልጋና ትራስ ላይ አታስቀምጪው፣ የአየር መግቢያው ከሥር ነው። ሦስት ዓመት ያልተከፈተ ከሆነ ፋኑና የሙቀት ማስወጫው መሃል አቧራው እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ታገኚዋለሽ። እሱን ማስጠረግ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተይው። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም፣ ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ ያ ጉዳት አይጠገንም።

አሁን ወደ አንቺው ማሽን እንምጣ። ሳንለካ ብናወራ ዋጋ የለውም። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) ክፈቺ። በላቲን ፊደል ፓወርሲኤፍጂ ብለሽ ጻፊ፣ አንድ ክፍተት ተዪ፣ ከዚያ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰረዝና ባትሪሪፖርት፣ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው፤ እንዲህ፦ powercfg /batteryreport። ኢንተር ስትዪ ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ይነግርሻል። በብሮውዘር ክፈቺውና ሦስት ነገር ጻፊልኝ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ እያለ የነበረው አቅም)፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሲሞላ የሚይዘው)፣ ሳይክል ካውንት (ስንት ዙር እንደተጠቀምሽበት)።

ተርጓሚዋ

በጣም አመሰግናለሁ! እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሪፖርቱን አወጣሁት። ዲዛይን ካፓሲቲ 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ይላል። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ 36,800። ሳይክል ካውንት 118።

በእጄም ሞከርኩት። ከኋላ በግራ በኩል በጣም ይሞቃል፣ ከፊት ለብ ያለ ነው። አንድ የገረመኝ ነገር ግን ዎርድ ብቻ ከፍቼ እንኳ ፋኑ አያርፍም፣ ሁልጊዜ ይጮኻል። ድሮ እንዲህ አይጮህም ነበር። በመጨረሻው ስብሰባ ነቅዬ ከጀመርኩ እስከጠፋ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው የቆየው።

ብየዳና ባትሪ

ይሄ ነው የሚፈለገው። ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ።

ባትሪው ከ50,000 ወደ 36,800 ወርዷል። ይህ 74 በመቶ ገደማ ነው፣ ማለትም ሩቡን አጥቷል። ሳይክሉ ግን 118 ብቻ ነው። አንድ ሳይክል ማለት በድምሩ 100 በመቶ መጠቀም ነው፤ ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን ብትጠቀሚ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ተራ የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ሳይክል እንዲሠራ ይጠበቃል። አፕል ለማክቡኮቹ እስከ 1,000 ይላል። ያንቺ 118 ላይ ሆኖ ሩቡን ማጣቱ በሥራ ብዛት እንዳልደከመ ያሳያል። ሞልቶና ሞቆ በመቀመጥ ነው ያረጀው። ስለዚህ የ80 በመቶ ገደብ ላንቺ ዓይነት አጠቃቀም ዋናው መድኃኒት ነው።

አሁን ግን ወደ ሰዓቱ እንሂድ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። አዲስ እያለ 50 ዋት ሰዓት ይዞ ስድስት ሰዓት ከሠራ፣ በአማካይ የሚበላው 8.3 ዋት ነበር ማለት ነው። አሁን 36.8 ዋት ሰዓት ይዞ በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ከጨረሰ 20 ዋት እየበላ ነው። 20 በመቶ እያለው ጠፋ ስላልሽ ያንን ቀንሰን ብናስበው እንኳ 16 ዋት ይሆናል። ያም የድሮው እጥፍ ነው። ባትሪው ሩቡን ብቻ አጥቶ ሳለ ሰዓትሽ ከስድስት ወደ ሁለት መውረዱ በባትሪው እርጅና ብቻ አይገለጽም። የአሁኑ ባትሪ በድሮው አበላል ቢሄድ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ይሠራልሽ ነበር።

ማሽኑ ውስጥ ሌላ የሚበላ ነገር አለ። ፋኑም የሚጮኸው ለዚያ ነው። አዲስ ባትሪ ብትገዪ ያንኑ ይበላዋል፤ ስለዚህ ገንዘብሽን ሳታወጪ በፊት እሱን እንፈልገው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ ያ የማትጠቀሚበት ግራፊክስ ካርድ ነው። እንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ አለው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ቆጣቢ ነው። ሌላው ራሱን የቻለ ኃይለኛ ነው፣ ሥራ ከሌለው መተኛት አለበት። አንድ ፕሮግራም ከቀሰቀሰው ግን ምንም ሳይሠራ እንኳ ብዙ ዋት እየበላ ይቆያል። ታስክ ማናጀር ክፈቺ፣ ፕሮሰስስ የሚለው ጋ "ጂፒዩ ኢንጂን" እና "ፓወር ዩሴጅ" የሚሉ ዓምዶች አሉ። ካልታዩሽ የዓምዶቹን ርዕስ በቀኝ ተጫኚና ምረጫቸው። ጂፒዩ ማለት ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ጂፒዩ 1 (ብዙ ጊዜ ኃይለኛው ነው) የሚል የተጻፈበትን ፕሮግራም ፈልጊ። ቀጥለሽ ስታርትአፕ የሚለውን ገጽ እዪ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ይዘረዝራል። ለምን እንዳለ የማታውቂው ነገር ካለ ከመዝጋትሽ በፊት ስሙን እዚህ ጻፊው።

ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ውስጥ ፓወር ሞድ የሚለው "ቤስት ፐርፎርማንስ" ላይ ከሆነ ዝቅ አድርጊው። ሦስተኛ፣ የጌም ላፕቶፕ ስክሪን ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 144 ጊዜ ይታደሳል። ለዎርድ 60 ይበቃል፤ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ትቀይሪዋለሽ። ብሩህነቱን ደግሞ ዓይንሽን ሳያስቸግርሽ ወደ ግማሽ አውርጂው። ስክሪን ጽሑፍ ብቻ በሚሠራ ሰው ላፕቶፕ ላይ ከትልልቆቹ በላተኞች አንዱ ነው። የኪቦርዱን መብራት አጥፊው። ስለ ጥቁር ገጽታ ይነግሩሻል፣ እሱ የሚቆጥበው ስክሪኑ ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚበራበት) ከሆነ ነው። ተራ ኤልሲዲ ከሆነ ከኋላ ያለው መብራት ገጹ ጥቁርም ሆነ ነጭ እኩል ይበራል።

ዋይፋይና ብሉቱዝ ማጥፋት ትንሽ ነው የሚያተርፍልሽ፣ አትጨነቂበት።

ወደ 20 በመቶው እንመለስ። ላፕቶፑ ባትሪው ውስጥ ገብቶ የሚያይበት መንገድ የለውም። የገባውንና የወጣውን እየቆጠረ ነው የሚገምተው። ለዓመታት ከ95 በታች ያልወረደ ባትሪ ከሆነ የታችኛውን ዳርቻ የሚያርምበት አጋጣሚ አያገኝም፣ ቆጠራው እየሳተ ይሄዳል። የ@ዳመና ምክር ቦታው እዚህ ነው። አንድ ጊዜ 100 ሙዪው፣ ከዚያ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ሥሪበት፣ ቀጥለሽ ሳታቋርጪ እስከ 100 መልሰሽ ሙዪው። ይህ ቆጠራውን ያስተካክላል፣ ባትሪውን ግን አያድሰውም። በየወሩ አታድርጊው፤ ቁጥሩ ሲሳሳት ብቻ። ከዚህ በኋላም 20 ላይ ድርግም የሚል ከሆነ ውስጡ ካሉት ሴሎች አንዱ ደክሟል፣ ያኔ ባትሪው መቀየር አለበት።

ጥቁር ተርሚናል

ለማክና ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ልጨምር፣ ቁጥሩን ማየት ለሁሉም ይጠቅማል። ማክ ላይ ኦፕሽን ተጭናችሁ የአፕል ምልክቱን ክፈቱ፣ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ግቡ፣ ፓወር የሚለው ውስጥ ሳይክል ካውንቱና የባትሪው ሁኔታ አለ። ማክ አጠቃቀማችሁን እያየ ከ80 በላይ ያለውን መሙላት የሚያዘገይበት ቅንብርም አለው፤ አታጥፉት።

ሊኑክስ ላይ ዩፓወር የሚባለው ትዕዛዝ ሁለቱንም የአቅም ቁጥሮች ያወጣል። የቻርጅ ገደቡን ቲኤልፒ በሚባል ፕሮግራም ማስቀመጥ ይቻላል፣ ቲንክፓድ ላይ በደንብ ይሠራል። እኔ ከ40 ሲወርድ እንዲጀምር፣ 80 ሲደርስ እንዲያቆም አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። ክዳኑን ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ ስትከቱት ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በእውነት አይተኙም። ኢሜይል ያያሉ፣ አፕዴት ያወርዳሉ፣ ቦርሳው ውስጥ ይሞቃሉ። ስትደርሱ ግማሹ አልቆ ታገኙታላችሁ። ረጅም መንገድ ከሆነ ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት (ሥራችሁን ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚጠፋበት) አድርጉት፣ ወይም አጥፉት።

ተርጓሚዋ

ተገኘ! ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩ 1 የሚል የተጻፈበት አንድ የጌም ማስጀመሪያ ፕሮግራም አገኘሁ። የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት እኔ ጋ በነበረ ጊዜ ጌም ጭኖበት ነበር። ጌሙን አጥፍቶት ነው የሄደው፣ ማስጀመሪያው ግን ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ፓወር ሞዱም ቤስት ፐርፎርማንስ ላይ ነበር፣ ስክሪኑም 144 ላይ።

ፕሮግራሙን አራገፍኩት፣ ስክሪኑን 60 አደረግኩት፣ ብሩህነቱን ቀነስኩ። ፋኑ ወዲያው ዝም አለ። ክፍሉ ውስጥ ያን ያህል ድምፅ እንደነበር ያወቅኩት ሲቆም ነው። ቆጠራውንም እንዳልከኝ አንዴ እስከ ታች አወረድኩት። ነቅዬው ዎርድና መዝገበ ቃላቱን ከፍቼ አራት ሰዓት አለፈኝ፤ ሲዘጋም 5 በመቶ ላይ አስጠንቅቆ ነው የተዘጋው። 80 በመቶ ገደቡን ባዮስ ውስጥ አግኝቼ አበራሁት።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ አዲስ ባትሪ ያስፈልገኛል ወይ የሚለው ነው።

ሰኞ ማለዳ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪ ሰዓቱ ምንም አይልም። ግን መዳሰሻው ከሆነ ጊዜ ወዲህ አይጫንም፣ "ቀጭ" አይልም። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡትም አንድ ጎኑ ይወዛወዛል። ይሄ ከባትሪ ጋር ይገናኛል እንዴ?

ብየዳና ባትሪ

@ሰኞ ማለዳ፣ ይገናኛል፣ ያውም በጣም። ይህን ስታነብ ቻርጀር ላይ ከሆነ ንቀለው። ሥራህን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥና አጥፋው። የነገርከን ሁለቱም ምልክቶች ያበጠ ባትሪ ምልክቶች ናቸው። ውስጡ ጋዝ ሲጠራቀም ሴሉ ይነፋል፣ መዳሰሻውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የታችኛውን ሽፋን ደግሞ ወደ ታች ያጎብጠዋል። ለዚህ ነው የሚወዛወዘው። ሰዓቱ ደህና መሆኑ አያዘናጋህ።

በምንም ዓይነት አትጫነው፣ አትብሳው፣ ሽፋኑን ለመግጠም አትታገል። የተበሳ ሊቲየም ባትሪ በእሳት ይያያዛል። ላፕቶፑን ከሚቀጣጠል ነገር አርቀህ አስቀምጠው፣ ከዚያ ፈትቶ ማውጣት ለሚያውቅ ባለሙያ ስጠው። የወጣውም ባትሪ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ባትሪ ለሚሰበስብ ክፍል ነው የሚሰጠው። ይሄ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም፣ ዛሬውኑ አድርገው።

@ተርጓሚዋ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ስሌታችን ሳይስት መቅረቱ እኔንም ደስ ብሎኛል። ባትሪውን አሁን አትቀይሪው። 74 በመቶ የያዘና አስጠንቅቆ የሚዘጋ ባትሪ ገና ይሠራል፣ ስብሰባሽንም ይችላል። 80 ላይ ገድበሽው ስትወጪ ከዚያው የምትነሺ ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አለሽ። ረዘም ያለ ቀን ሲኖር ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት 100 ሙዪው። በየጥቂት ወሩ ያንኑ ሪፖርት አውጪና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲውን እዪው። ቁጥሩ ወጣ ገባ ይላል፣ ግምት ስለሆነ አትደንግጪ። ወደ 60 በመቶ ሲጠጋ፣ ወይም መልሶ በድንገት መጥፋት ሲጀምር፣ ወይም ትንሽም ቢሆን ሲያብጥ ያኔ ቀይሪው። እብጠት ካየሽ ግን ቁጥሩን አትጠብቂ።

የምትገዢበት ቀን ሲመጣ አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥርና ቮልቴጅ ፎቶ አንሺ። አዲሱ ቮልቴጁ ከላፕቶፕሽ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። የዋት ሰዓቱ ትንሽ ቢለያይ ችግር የለውም። በዚያው መጠን ካለው ከዋናው ባትሪ እጥፍ አቅም አለኝ የሚል ከሆነ ግን አትመኚው። የተሠራበትን ቀን ጠይቂ፤ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ "አዲስ" ባትሪ ሳይሠራ አርጅቷል። እንደገጠምሽው ሪፖርቱን አውጪና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲው ከዲዛይኑ ጋር መቀራረቡን አረጋግጪ። በጣም ከራቀ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ መልሺው። የ80 በመቶ ገደቡንም ከመጀመሪያው ቀን አብሪው።